ታጥቦ የተጫነው ድንች

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከቆሰበር፣ ከዳንግላ፣ ከአዘናና ከየመንደሩ ሥራችሁን ትታችሁ ልታጽናኑን የመጣችሁ ወዳጆች ሆይ፣ ዛሬ የምንሸኛቸው የአባታችን የአቶ ዓለምነው ደሴ የሕይወት ታሪክ እንደሚከተለው ይነበባል። አቶ ዓለምነው ከማረፋቸው ከጥቂት ቀናት በፊት ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ ጽሑፉ እንዳይረዝም፣ ምስጋናውም እንዳይበዛ፣ የድንቹ ነገር ግን አንድ ቃል ሳይቀነስለት በሕዝብ ፊት እንዲነበብ አደራ ብለዋል። «እሱን ከዘለላችሁት የሌላ ሰው ታሪክ ነው ያነበባችሁት» ስላሉን፣ ቃላቸውን ጠብቀን እንደ ፈቃዳቸው አዘጋጅተነዋል።

አቶ ዓለምነው ከአባታቸው ከአቶ ደሴ አየነውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውዴ ፈንቴ በ1949 ዓ.ም. ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ ባለችው በዚህችው መንደር ተወለዱ። አፋቸውን የፈቱት በአዊኛ ነበርና አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ገብተው ሲሆን፣ ሲናደዱና ሲጸልዩ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ የሚቀናቸው አዊኛው ነበር። ቆሰበር እየተመላለሱ እስከ ስምንተኛ ክፍል እንደ ተማሩ አባታቸው በድንገት ስላረፉ፣ ትምህርታቸውን አቋርጠው እዚያው ከተማው ውስጥ በጫኝና አውራጅነት ሥራ ጀመሩ። የቱ ጆንያ ከሥር፣ የቱ ከላይ መሆን እንዳለበት በዓይናቸው ብቻ ይለዩ ስለነበር፣ አንዳንድ ሾፌሮች ዓለምነው ካልጫነልን አንነሳም እስከ ማለት ደርሰው ነበር ይባላል።

በ1970 ዓ.ም. መንጃ ፈቃድ አውጥተው የአንድ የዳንግላ ነጋዴ የጭነት መኪና ማሽከርከር ጀመሩ። ጤፍና በቆሎ ጭነው ወደ አዲስ አበባ ይወርዳሉ፤ ሲመለሱ ደግሞ ጨው፣ ሳሙናና ቆርቆሮ ይዘው ይመጣሉ። ባዶ መኪና መንዳት አይወዱም ነበር። ከመነሳታቸው በፊት በየደረሱበት መንደር ምን እንደጎደለ ይጠይቁ ስለነበር፣ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ፋኖስ፣ የመጀመሪያውን የማረሻ ብረት፣ አንዳንዱም የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያገኘው በእሳቸው እጅ ነው።

በ1975 ዓ.ም. የአዘና ተወላጅ የሆኑትን ወይዘሮ በቀለች ምስጋናውን አገቡ። የወይዘሮ በቀለች አባት በመጀመሪያ «ጎማ ላይ ለሚኖር ሰው ልጄን አልሰጥም» ብለው ሽማግሌዎቹን መልሰዋቸው ነበር። አቶ ዓለምነው ግን በሁለተኛው ጊዜ መኪናቸውን ቆሰበር አቁመው ከሽማግሌዎቹ ጋር እስከ አዘና በእግራቸው ስለሄዱ፣ አባትየው ጭቃ የለበሰውን እግራቸውን አይተው «ይኼስ መሬት ይረግጣል» በማለት ፈቀዱላቸው። በጋብቻቸውም ሙሉሰውን፣ ሃናንና ደርበውን አፍርተዋል።

ለረጅም ዓመታት በሰው መኪና ከሠሩ በኋላ በ1993 ዓ.ም. አንድ አሮጌ ኢሱዙ የራሳቸው አደረጉ። የመንደራቸው ነገር የባሰ ያሳስባቸው የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። በዚያ ዘመን የመንደራችን ገበሬ ድንቹን በፈረስ ጭኖ ቆሰበር ያወጣ ነበር። ሁሉም በአንድ ቀን ስለሚያወጣ ገዢ ይጠፋል፤ ያልተሸጠውን ይዞ አቀበቱን መመለስ ደግሞ ፈረሱንም ሰውንም ስለሚጎዳ፣ አንድ ዓመት ሙሉ የተለፋበት ድንች የገበያው ዳር ላይ ተደፍቶ የከብት መጫወቻ ይሆን ነበር። አቶ ዓለምነው በየሰንበቴው «ድንቻችን ያጣው ገዢ አይደለም፤ መንገድ ነው» እያሉ ሲወተውቱ ቆይተው፣ በግንቦት 1997 ዓ.ም. መንደሩ በደቦ ወጥቶ ከአስፋልቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ መንገድ ቆፈረ፤ ወንዙንም በድንጋይና በባሕር ዛፍ ግንድ አሻገረ። ኢሱዙው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ፈረሰኞች በግራና በቀኝ እንደ ሙሽራ አጅበውት ነበር።

የድንቹ ነገር እነሆ። በጥቅምት 1998 ዓ.ም. አሥራ አራት አባወራዎች ድንቻቸውን በአንድነት ወደ አዲስ አበባ ሊልኩ ተስማሙ። ድንቹን እንዲመርጡና በጆንያ እንዲያስሞሉ የታመኑት የአቶ ዓለምነው ጎረቤትና እኩያ የሆኑት አቶ አወቀ ናቸው። አቶ አወቀ በሥራቸው ማንንም የማያፍሩ ሰው ስለነበሩ፣ የገዛ አማታቸውን ድንች እንኳ ዶማ የነካውን አውጥተው «ይኼ ለላሟ ይሁን፣ እማማ» ብለው መልሰውባቸዋል። ምርጫው ካለቀ በኋላ አቶ ዓለምነው «የአዲስ አበባ ሰው የሚገዛው በዓይኑ ነው፤ አፈሩን እጠቡለት» ብለው መከሩ። አቶ አወቀም «መንገዱን የምታውቀው አንተ ነህ» ብለው ተቀበሉ። ሴቱም ወንዱም ወንዝ ወርዶ፣ እየዘፈነ፣ ድንቹን እንደ ዕንቁላል ነጭ እስኪሆን አጠበው። ከነውሃው በጆንያ ተሞልቶ፣ በላዩ ሸራ ተወጥሮበት ተጫነ።

ዓባይ በረሃ ላይ ናዳ መንገዱን ዘግቶ ስለነበር ጉዞው አንድ ቀን ተጨመረበት። አዲስ አበባ ደርሰው ሸራው ሲገለጥ እንፋሎት ወጣ፤ ከሥሩም ሽታ። አቶ ዓለምነው በሕይወታቸው የነዱት በጣም ረጅሙ መንገድ ባዶውን ጆንያ ይዘው የተመለሱበት እንደሆነ ይናገሩ ነበር። መንደሩ ተሰብስቦ ምን ሆነ ቢላቸው «በሰበሰ፤ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም» አሉ፤ በዚያን ሰዓት እውነታቸውን ነበር። ሕዝቡ ግን አንድ ምክንያት ይፈልግ ነበርና፣ ማን መረጠው ተባለ፤ አወቀ ተባለ። የተበላሸ ቀላቅሎ ነው አሉ። ከመራጭነት አነሷቸው፤ ልጆች ሳይቀሩ በመንገድ ሲያልፉ «ብስብሴ!» ይሏቸው ጀመር። አቶ አወቀ ሁለት ጊዜ «አልቀላቀልኩም» ብለው ተናገሩ፤ በሦስተኛው ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ ድንቻቸውን በማንም መኪና ሳይጭኑ በፈረስ ብቻ ቆሰበር ማውጣት ያዙ።

በሚቀጥለው ዓመት አቶ ዓለምነው ዳንግላ ላይ ወይዘሮ በለጡ የተባሉ የድንች ነጋዴን ሲያጫውቱ፣ የዚያን ጭነት ታሪክ እንደ ዋዛ አወሩላቸው። ወይዘሮ በለጡ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «አንተ ሰውዬ! የታጠበ ድንች ለድስት ነው እንጂ ለመንገድ ይሆናል እንዴ? ከነአፈሩ ጥላ ላይ አድርቀህ ነው የምትጭነው!» ብለው ሳቁባቸው። አቶ ዓለምነው እንደ ነገሩን፣ ያን ቀን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ዐወቁ።

መንደር ገብተውም ድንቹ ከነአፈሩ፣ ደርቆ እንዲጫን አዘዙ። ለምን እንደሆነ ግን አልተናገሩም። ምክራቸው እንዳጠፋ ቢያውቁ ገበሬዎቹ ሁለተኛ መኪና አያምኑም፣ መንገዱም ሣር ይበቅልበታል ብለው ፈሩ፤ እስኪለምዱ ልታገሥ አሉ። ሁለተኛው ጭነት በሰላም ደረሰ፤ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። ሰዉ በበኩሉ «አወቀ ከተነሳ ወዲህ አንድም ድንች አልበሰበሰም» ይል ጀመር። ጭነቱ በተሳካ ቁጥር የአቶ አወቀ ጥፋት ይበልጥ የተረጋገጠ መሰለ፤ የአቶ ዓለምነውም አፍ በዚያው ልክ ተያዘ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የእሳቸውን መኪና አይተው ሌሎች መኪናዎች መጡ፤ ድንች የወሰደ መኪና ሲመለስ ቆርቆሮና ሲሚንቶ፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይዞ ገባ። የሣር ቤቶች ተለወጡ፤ ወፍጮ ተተከለ፤ ከወንዝ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ሁለት ክፍል ተጨመረለት። ከአዘና በኩል የሚመጡ ነጋዴዎች ሳይቀሩ የመንደራችንን ስም ለዩ። በቅርቡ መንገድ በተዘጋባቸው ወራት ድንቹ ከመሬት ሳይወጣ ሲከርም፣ መኪና ምን እንደሠራልን ያልገባው ሁሉ ገብቶታል። በየስብሰባው አቶ ዓለምነው ይመሰገኑ ነበር። በተመሰገኑ ቁጥር አንገታቸውን የሚደፉት ትሑት ስለሆኑ ብቻ ይመስለን ነበር። አቶ አወቀን ከፈረሳቸው ጋር በመንገድ ሲያገኙ ደግሞ አቧራ እንዳያለብሷቸው መኪናውን እስኪቆም ድረስ ያቀዘቅዙት ነበር፤ እሱንም የሾፌር ጨዋነት ነው ብለን አልፈነዋል።

በ2015 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ስለጠናባቸው መኪናውን ለልጃቸው ለደርበው አስረክበው፣ በቆሰበርና በባሕር ዳር ሲታከሙ ቆዩ። ሕመማቸው እየከፋ ቢሄድም እንቅልፍ የነሳቸው እሱ ብቻ አልነበረም። ለንስሐ አባታቸው ነገሩን ሲናዘዙ፣ ካህኑ «ልጄ፣ ብስብሴ እየተባልኩ የኖርኩት እኔ አይደለሁም፤ ለአወቀ ንገረው። ሌላ ቀኖና የለኝም» አሏቸው። አቶ ዓለምነው ይህን ሳያደርጉ እንዳይሞቱ እጅግ ይፈሩ ስለነበር፣ በሐኪም ቀጠሮ ቀን እንኳ «ቆይ፣ መጀመሪያ አወቀን» ይሉ ነበር። እግራቸው ግን እሺ አላለም፤ ልባቸውም።

በመጨረሻ ባለፈው ታኅሣሥ ወር በአንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ በሚሰበሰብበት ሰዓት በባጃጅ ተወስደው፣ ተደግፈው ቆሙ። ድንቹን እጠቡ ያሉት እሳቸው መሆናቸውን፣ ያበሰበሰው ውሃው እንጂ የአቶ አወቀ ምርጫ እንዳልሆነ፣ ይህንንም ካወቁ አሥራ ስምንት ዓመት እንደሆናቸው በአዊኛም በአማርኛም ተናገሩ። ሰው ሁሉ ወደ አቶ አወቀ ዞረ። አቶ አወቀም «ሦስት ፈረስ አረጀብኝ እኮ፣ ዓለምነው» አሉ። ሌላ ምንም ሳይጨምሩ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

እድርተኛው በዚያው ቀን ሽማግሌ ልኮ፣ የሰደበውም ዝም ብሎ የሰማውም አንድ ላይ ይቅርታ ጠየቀ፤ መራጭነታቸውንም መለሰላቸው። አቶ አወቀ «አሁን ዓይኔ ድንችና ድንጋይ አይለይም፤ ወጣት ፈልጉ» ብለው ሽማግሌዎቹን አስቀው ሸኟቸው። ወደ አቶ ዓለምነው ግን አልመጡም። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛውም። አባታችን በር በተንኳኳ ቁጥር ራሳቸውን ከትራስ ቀና ያደርጉ ነበር። ይቅር ባይለኝም እውነት አለው፣ ስሙን መልሼለታለሁ ይሉናል፤ መልሰው ደግሞ በሩን ያያሉ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጠዋት አቶ አወቀ ፈረሳቸውን እየሳቡ ግቢያችን ገቡ። ፈረሱ ላይ የነበረውን አንድ ጆንያ አውርደው፣ እያዘገሙ ተሸክመውት፣ ከአባታችን አልጋ አጠገብ ዱብ አደረጉት። «ዓለምነው፣ ልጅህ ነገ ይነሳል አሉ። ይቺን ይውሰድልኝ» አሉ፤ ቀጥለውም «አላጠብኳትም» አሉ። አቶ ዓለምነው እየሳቁ አለቀሱ፤ ሳል እስኪያፍናቸው ድረስ ሳቁ። ወይዘሮ በቀለች ደንግጠው ውሃ ይዘው ቢመጡ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ አፈር የለበሰው ጆንያ በመካከላቸው ቆሞ አገኟቸው። ያን ሌሊት አባታችን ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳይነቁ አደሩ። ከዚያም በኋላ አቶ አወቀ ቀን ሳያስቀሩ እየመጡ፣ ስለ ፈረስና ስለ ጎማ ሲከራከሩ፣ «የአንተ ጎማ ስንቴ ተነፈሰ? የእኔ ፈረስ ተንፍሶ ያውቃል?» እያሉ ሲያናድዷቸው ይውሉ ነበር። ሕመሙ ባይቀልላቸውም ፊታቸው ቀልሎ ነበር፤ እኛም እሱን እያየን ቀለለን።

አቶ ዓለምነው ደሴ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ፣ ቤተሰቦቻቸው በተሰበሰቡበት፣ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው በሰላም አርፈዋል። ያዘንነው ብዙ ነው፤ ነገር ግን የፈሩትን ሞት ሳይሆን የተመኙትን ሞት ስለሞቱ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን።

አቶ ዓለምነው ባለቤታቸውን ወይዘሮ በቀለች ምስጋናውን፣ ልጆቻቸውን ሙሉሰውን፣ ሃናንና ደርበውን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና ታናሽ እህታቸውን ትተው አልፈዋል። እሳቸው ራሳቸው በዚህ ስፍራ ከሥጋ ዘመዶቻቸው ጋር እንዲጠሩ አዝዘዋልና፣ ወንድማቸውን አቶ አወቀንም ትተው አልፈዋል። አቶ አወቀ ዛሬ አስከሬኑን ከተሸከሙት መካከል በቀኝ በኩል ከፊት ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን አይተን ሌላ ሰው ይተካዎት ብንላቸው እንቢ ብለዋል።

መንገደኛን ከበረሃና ከናዳ ጠብቆ ወደ ቤቱ የሚያገባ አምላክ፣ የአባታችንን ነፍስ ከቅዱሳን ጋር ያሳርፍልን፤ ቀርተን ለምንኖረውም እውነትን ሳናዘገይ የምንናገርበትን ልብ ይስጠን። አሜን።