ዙሪያው የታጠረ የሕፃን አልጋ

አልጋ ማለት ሰው ሲተኛ ከመሬት ከፍ የሚያደርገው፣ ሲነሣም ያለ ክርክር የሚለቀው ዕቃ ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ባሕር ዳር ሲወለድ ይህን ትርጉም ረሳሁት። እንቅልፌ ከባድ ስለሆነ ልጁን እንዳልጫነው ፈርቼ፣ ዙሪያውን በረጃጅም ፍርግርግ የታጠረ አልጋ አናጢ ዘንድ አሠራሁ።

አማቴ አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከዱርቤቴ መጡ። አልጋውን ዞረው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጁ ምን አጥፍቶ ነው?» አሉኝ። በዚያ ዘመን ሰው ለምን እንደታሰረ ጮክ ተብሎ አይጠየቅም ነበር። ባለቤቴ ሳቀች፤ ከወለደች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

«ተኝቼ እንዳልጫነው ብዬ ነው፣ እማማ» አልሁ።

«እሱስ ደግ አሰቡ። ግን ሌሊት ትን ቢለው እናቱ በየት በኩል ትድረስለት? በእሷ በኩል ያለውን ይንቀሉልኝ።»

ነቀልሁት። አልጋውን ከባለቤቴ አልጋ ጋር እኩል አድርገን አስጠጋነው። አማቴ በታንኳ ገመድ ጠፍረው አሰሩትና፣ በመካከሉ ጣት የሚያስገባ ክፍተት እንዳይኖር ደጋግመው ዳሰሱ። እኔ በግድግዳው በኩል ተመደብሁ።

እግዜር ይስጣቸው፣ ልጁ በደኅና አደገ። የተነቀለው ፍርግርግ የዶሮ ቤት በር ሆነ፤ ዶሮዎቹም ምን እንዳጠፉ የጠየቀ የለም።