ጋሽ ወልደሰማያትና የዱቢ ተራራ እሳት

ጓድ ርዕሰ መምህር፣ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ጋሽ ወልደሰማያት አጋሮ የገቡ ዕለት፣ ሻንጣቸውን ከአውቶቡስ ያወረደላቸው ተሸካሚው ዳባ ወገቡን ይዞ፣ «ጌታው፣ ድንጋይ ነው እንዴ የሞሉበት?» አላቸው አሉ። እሳቸው ኮስተር ብለው፣ «አዎ፣ ድንጋይ ነው። ቀስ በል፣ እንዳይሰበር!» አሉት። ዳባ ይህን ሳያወራ የዋለበት ቀን የለም።

እውነትም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነበር! ጂኦግራፊ ሊያስተምሩን ሲገቡ አፍንጫችን ሥር እያስጠጉ፣ «አሽትቱ! እሳቱ አይሸታችሁም?» ይሉናል። ምንም አይሸተንም። እሳቸው ግን ይሸታቸዋል!

ቀይ ባሕር ዳር ስላለው ስለ ዱቢ ተራራ ከጀመሩማ ደወልም አያስቆማቸውም። «በ1853 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ፈነዳ! ድምፁ እንደ መድፍ ምፅዋ ድረስ ተሰማ! አመድ እንደ ዝናብ ወረደ!» እያሉ ጠረጴዛውን ሲደበድቡት፣ ፊት የምንቀመጠው ጠመኔ ለብሰን እንወጣለን። ይቺ ሀዋ አንድ ቀን ጃንጥላ ይዛ መጣች! አታፍሪም ሀዋ?

ሳቁ፣ ሳቁ። አሁን ግን አንድ ነገር ልናገር።

በ1970 ዓ.ም. ተማሪ ሳለሁ ደብተሬ በፍተሻ ተያዘ። «ተራራው ዝም አለ ማለት ሞተ ማለት አይደለም፤ አንድ ቀን ይፈነዳል» የሚል ተጽፎበታል። የቀበሌው ሰውዬ፣ «ተራራው ማነው? ንገሪኝ፣ ማነው የሚፈነዳው?» አለኝ። የዚያን ዓመት ነገር ታውቁታላችሁ፣ አላብራራም። እናቴ ዘይቡ ደጅ ቆማ ታለቅሳለች።

ጋሽ ወልደሰማያት ማንም ሳይጠራቸው መጡ። «ቃሉ የኔ ነው። ዙህራ የጻፈችው እኔ ያልኳትን ነው። የሚጠየቅ ካለ እኔ ልጠየቅ» አሉ። ካርታቸውን ዘርግተው ዱቢን ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሰውዬው መጀመሪያ ተቆጣ። ቀጥሎ ካርታው ላይ ጎንበስ አለ። በመጨረሻ ወንበሩን አስጠግቶ፣ «ሰዎቹስ? አመለጡ?» አለ።

«ከመቶ በላይ ሞቱ» አሉት።

ከንፈሩን መጠጠ። ደብተሬንም መለሰልኝ።

ስንወጣ ካርታውን ማጠፍ አቃታቸው። ለካ እየፈሩ ነው የመጡልኝ።

ጋሽዬ፣ ያን ቀን ባይመጡ ዛሬ እዚህ ቆሜ ባልደረባዎ ነኝ አልልም ነበር። ገለቶማ፣ አመሰግንዎታለሁ! እናቴ እስክትሞት ድረስ ከሶላቷ በኋላ፣ «ያ ረቢ፣ የልጄን አስተማሪ ጠብቅልኝ» ሳትል አትነሣም ነበር። አሁን እሷ የለችም፣ ዱዓውን እኔ ተረክቤያለሁ።

በሉ ተነሡ! እናንተ በጠጃችሁ፣ እኔ በአምቦ ውሃዬ! ከባለቤትዎ ከእትዬ ብርሃንነሽ ጋር ለጡረታ በሚገቡበት በሸቤ ዕድሜ ከጤና ይስጥዎ፤ ክፉ አይንካዎ! አሚን በሉ እንጂ!