ዴኦሊንዳ ሊዝቦንን ያየች ቀን

— ሄሎ?… አቤት፣ ኦኖራቱ ነኝ… እትዬ ፌሊዝሚና! ምነው በሰላም ነው? እሑድ በዚህ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን መች ትወጪያለሽ?

— ማን ነገረሽ?… ኩስቶዲያ! ይቺ ጎረቤቴ አፏ ላይ በር የላትም። እዚሁ ናት እኮ፣ ብርጭቆዎቼን በጋዜጣ እየጠቀለለችልኝ ነው። — ኩስቶዲያ፣ እህቴ ጋ ኤቮራ ድረስ ደውለሽ ነገርሽ? — «ጠየቀችኝ፣ መለስኩ» ትላለች። አየሻት?

— አዎ፣ እውነት ነው። ልሄድ ነው… ፖርቶ… እትዬ? ሄሎ? ትሰሚኛለሽ?… እሺ ሳቂ። ሳቂ፣ ጠግበሽ ሳቂ፣ እጠብቃለሁ።

— አዎ፣ እኔው ነኝ። «ዝናብና የጨጓራ ወጥ ብቻ ያለበት አገር» ያልኩት እኔው ነኝ። እነሱም እኛን ሊዝቦኖችን «ሰላጣ በሎች» ይሉናል፤ እነሱ ሲሠሩ እኛ የምንጨፍር ነው የሚመስላቸው። እንግዲህ አንዱ ሰላጣ በል ጨጓራ በሎቹ ዘንድ ሊገባ ነው።

— በሴት ነዋ! በምን ይሆናል ታዲያ በሰባ ዓመቴ? በሥራ?… ታውቂያታለሽ። ልጅሽ ጋስፓር ሲያገባ አጠገቤ የተቀመጠችው፣ የሚስቱ አክስት… አዎ፣ ዴኦሊንዳ። ፖርቶ ጨርቅ ሱቅ ያላት፣ ባሏ የሞተባት። ከሠርጉ ጀምሮ በስልክ ስንጫወት ከረምን። በመጨረሻ «ሊዝቦን ነይና አብረን እንኑር» አልኳት። «መጀመሪያ ከተማህን አሳየኝ፣ ከዚያ መልሴን እነግርሃለሁ» አለችኝ። ባለፈው ቅዳሜ መጣች።

— እንዴት ነበር አልሽ?… እትዬ፣ አንቺ ወንድምሽን ታውቂዋለሽ። አርባ ዓመት ፀጉር ሳስተካክል የዚህችን ከተማ ታሪክ ለስንቱ ተርኬያለሁ፤ አንድም ሰው ጥሎኝ ወጥቶ አያውቅም። በተራኪነቴ ይመስለኝ ነበር። ለካ ግማሽ ጭንቅላቱ ሳይቆረጥ ማን ይወጣል! ዴኦሊንዳ ግን ጭንቅላቷ በእጄ አልነበረም።

— ቆይ፣ በተራ ልንገርሽ። ባቡር ጣቢያ ተቀበልኳት። ሻንጣዋን ሳልይዝላት፣ እንዴት አደርሽ ሳልላት፣ ከተማዋን ካወደመው ከጥንቱ መሬት መንቀጥቀጥ ጀመርኩ። «የቅዱሳን ሁሉ በዓል ቀን፣ ሕዝቡ ቅዳሴ ላይ ሳለ ምድር ተናወጠች፤ ቀጥሎ ውኃው መጣ፤ ቀጥሎ እሳቱ መጣ…» ስላት፣ «ኦኖራቱ፣ ቁርሱስ የሚመጣው መቼ ነው?» አለችኝ።

— በልታ መስሎኛላ!… እሺ፣ አልጠየቅኳትም። አበላኋት ከዚያ። እያላመጠች ስለ ቅዱስ አንቶኒዮስ ነገርኳት፤ እዚሁ ተወልዶ ጣሊያን አገር ያሉት ፓዱዋዎች «የእኛ ነው» ማለታቸውን። ስናደድ ታውቂኛለሽ፣ ጠረጴዛውን ደበደብኩ። ሻዩ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ።

— አዲስ ቀሚስ ነበር፣ አዎ።

— ከዚያ ነጩን የመንገድ ድንጋይ እያመሰገንኩ ቁልቁል ወሰድኳት። «ከዓለም እንዲህ ያለ ንጣፍ የለም» እላለሁ፤ እሷ በአንድ እጇ ግድግዳውን፣ በአንድ እጇ እኔን ይዛ ትንሸራተታለች። «እውነትህን ነው፣ እንዲህ ያለ የለም» አለች። እኔ ሙገሳ መስሎኝ ደስ አለኝ።

— ኧረ ገና ነው! ዋናውን አልሰማሽም። — ኩስቶዲያ፣ ያንን አትጠቅልዪው፣ የምጠጣበት ነው! — ማርቲን ሞኒዝ አደባባይ ደረስን፣ ትራሙ የሚነሣበት። እዚያ ቆሜ አደባባዩ በስሙ የተጠራለትን ሰውዬ ታሪክ ሳልናገር ብሞት ይሻለኛል። ያ ባላባት… አዎ፣ ያኔ ከተማዋን የያዙት ሙሮች የግንቡን በር ሊዘጉ ሲሉ ገላውን በሩ መሐል የወተፈው። እሱ ተጨፍልቆ ሞተ፣ ጓደኞቹ በሬሳው ላይ ተራምደው ከተማዋን ለንጉሣቸው ያዙ። ይኸንን በሁለት እጄ እያሳየሁ ስተርክ ትራማችን ሞላ። ዴኦሊንዳ ገና ከኋላ ናት፣ ሕዝቡ ገፍቷት። በሩ ሊዘጋ ሆነ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው?

— ኧረ አዎ! ገላዬን ወተፍኩ!

— አትሳቂ፣ ሰው ሊሞት ነበር… ሾፌሩ ምን ያድርግ ምስኪን፣ እኔ ነኝ የገባሁበት። ወዲያው ከፈተልኝ። «አባባ፣ ትራም ላይ የሚወጣው በእግር ነው፣ በሆድ አይደለም» አለኝ። ሕዝቡ አውካካ። ልውረድ ብዬ ስዞር ሱሪዬን ብረት ነገር ይዞት ኖሯል… ከኋላ… ከቀበቶው እስከ ጉልበቴ ተቀደደ እትዬ! አንድ አገር ጎብኚ ፎቶ አነሣኝ። ይኸኔ ባሕር ማዶ ሰው ሁሉ እየሳቀብኝ ይሆናል። ባላባቱ በገላው ከተማ ከፈተ፤ እኔ የከፈትኩትን አልነግርሽም።

— እሷማ አልሳቀችም። እሱ ነው ያስፈራኝ። ካፖርቷን አውልቃ ወገቤ ላይ አሰረችልኝና «ቅርብ የምታውቀው ቤት አለ?» አለች። ዣኑዋሪዮ ጋ ሄድን፣ የድሮ ደንበኛዬ፣ መጠጥ ቤት ያለው። ገና ሲያየኝ «ኦኖራቱ፣ ሙሽራ ሆነህ ሳይሆን ተማርከህ ነው እንዴ የመጣኸው?» ብሎ ለቤቱ ሁሉ አሰማ። ጓዳ አስገባንና የሚስቱን ሽርጥ ሰጠኝ። አበባ ያለበት ሽርጥ። እሱን ታጥቄ ሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ፤ ዴኦሊንዳ ከቦርሳዋ መርፌና ክር አውጥታ ሱሪዬን መስፋት ያዘች።

— ዝም ልል ነበር። በእውነት። ግን ግድግዳው የድሮ ግንብ ነው፣ ከመንቀጥቀጡ የተረፈ… «ይኸ ግድግዳ እኮ…» ብዬ ስጀምር ቀና ብላ አየችኝና «ኦኖራቱ፣ መርፌ ይዣለሁ» አለችኝ።

— ከዚያማ ዝም ነዋ። ዝም ሲሉ እንዴት እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ዓይኗን ከስፌቱ ሳታነሣ «ከጠዋት ጀምሮ የሞቱ ሰዎች አስተዋወቅኸኝ፤ ባላባቱን፣ ቅዱሱን፣ ንጉሡን። አንተስ የት ነበርክ? በዚህች ከተማ ላይ አንተ ያየኸው ነገር የለም?» አለች።

— ምን እላለሁ? ሽርጥ የታጠቀ ሰው ምን ኩራት አለው! የሀብታሞቹ ገበያ ሺያዱ የተቃጠለ ዕለት ትዝ አለኝ። ነገርኳት። የምሠራበት ቤት ቅርብ ነበር፣ አመዱ በበሩ እየገባ የደንበኛዬ ፊት ላይ ያለው የሳሙና አረፋ ላይ ያርፋል። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ የሀብታም መደብሮቹ ሲነዱ ያያል፣ ያለቅሳል። እኔም አለቀስኩ። አስቢው እትዬ፣ ከዚያ ቤት አንድ መሐረብ እንኳ የመግዛት አቅም ኖሮን አያውቅም፤ መስኮቱን ብቻ ነበር የምናየው። ለመስኮቱ አለቀስን። እና በዚያ ጭስ ውስጥ ኤርሜሊንዳ…

— አዎ። ነፍሷን ይማርና ሚስቴን ነገርኳት… ቆይ፣ ስሚኝ። ኤርሜሊንዳ ከግራሳ ዳገት በቤት ጫማ ሮጣ ወረደች፣ ባልሽ ተቃጥሏል ብለው ነግረዋት። ቆሜ ሳለቅስ አገኘችኝ። ጫማዋን አውልቃ ትከሻዬን ደጋግማ መታችኝ፤ «ለሱቅ ነው የምታለቅሰው? ለሱቅ?» እያለች። ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ፊቷ በጥላሸት ጠቁሮ… አንድ ጫማ ብቻ አድርጋ… አልቻልኩም እትዬ፣ ያንን ስናገር እንባዬን በሽርጡ ጠረግኩ። ሽንኩርቱ ነው አልኩ።

— ዴኦሊንዳ? መርፌውን አስቀመጠችው። «ጠዋት ከእሷ ብትጀምርልኝ ኖሮ ከተማህን እስካሁን በወደድኳት ነበር» አለች።

— እኔም ድፍረት አገኘሁና «እንግዲያው ትመጫለሽ?» አልኳት። «አልመጣም» አለች። እንዲሁ! ክሩን በጥርሷ በጥሳ። «እናቴ ትራሷን እንኳ አስለውጣ የማታውቅ አሮጊት ናት፤ አገር አላስለውጣትም። አንተ ና።» ጣቢያ እስክንደርስ መንገድ ላይ ያለውን ሐውልት ሁሉ ዝም ብዬ አለፍኩት፣ ይገርምሻል። ባቡሩ ሊነሣ ሲል ብቻ «ፖርቶ መጥቼ ምን አደርጋለሁ?» አልኳት። በመስኮቱ አይታኝ «ትኖራለህ» አለች። ሄደች።

— ምን አደርጋለሁ፣ ቤቴ ገባሁ። መስኮቱን ከፈትኩ። ወንዙ፣ ጣራው፣ ግንቡ፣ ሁሉም ቦታው ላይ ነው። እንዴት ያምራል ልል ዞርኩ… ማንም የለም። ከዚህ ቀደምም አልነበረም እኮ፤ ያን ቀን ነው የታየኝ። በማግስቱ ጠዋት ደወልኩና «እመጣለሁ» አልኳት። «መስመሩ ጥሩ አይደለም፣ ድገምልኝ» አለች። ደገምኩት። «አሁንም አልሰማሁም» አለች። እየሰማችኝ ነበር፣ ውሸታም! እስኪበቃት አስለፈለፈችኝ።

— …እትዬ?… ሄሎ?… አለሽ?

— ገባኝ። የኤርሜሊንዳ ነገር ነው። አንቺም እንደ ታናሽ እህትሽ ነበረች… አልረሳኋትም። ሻንጣው ውስጥ መጀመሪያ የከተትኩት ፎቶዋን ነው። ዴኦሊንዳም «ይዘሃት ና» ብላኛለች… እውነቴን ነው፣ በእናታችን። ስሚ፣ ስለ ሁሉም ነገር እቀልዳለሁ፣ በዚህ ግን አልቀልድም። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያለሽኝ አንቺ ነሽ። «ይቅርብህ» ካልሽ፣ ሻንጣውን አራግፋለሁ።

— …

— እ?… ድገሚልኝ… አይ፣ እኔ እውነት አልሰማሁም፣ ኩስቶዲያ እየተንሰቀሰቀች ነው!… «ሂድ» አልሽ? «ሂድ፣ ይቅናህ» ነው ያልሽው?… አሜን። አሜን እትዬ። ዕድሜ ይስጥሽ።

— አላለቀስኩም… እሺ፣ አልቅሻለሁ።

— ኩስቶዲያማ ተይኝ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ውሃ አንጠባጠብክብኝ እያለች በመስኮት ስትሰድበኝ ኖራ፣ ዛሬ «ከማን ጋር ልጣላ ነው?» እያለች ብርጭቆውን ሁሉ በእንባ አጠበችው። — ማነው በሩን የሚያንኳኳው? ክፈቺላቸው! — ወይ ጉድ… እትዬ፣ ሰፈሩ ሁሉ መጣ። ዣኑዋሪዮ ወይን ይዟል፣ የታችኛዋ ሴትዮ ሳርዲን በትሪ… ኧረ ጥቁር ለብሳለች! የምሄደው እኮ የሦስት ሰዓት የባቡር መንገድ ነው! እነዚህ ሰዎች ሐዘን ካላገኙ ውለው አያድሩም። ይኸው ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ዘፈን ጀመረ አንዱ… «ለሟቹ አንድ ብርጭቆ ቅዱለት» ይላሉ።

— ልዝጋው እትዬ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው። ስደርስ እደውላለሁ… እሺ… እሺ፣ ሹራብ እይዛለሁ… ደህና ሁኚ። — መጣሁ እኮ፣ ኧረ አታልቅሱ፣ ሟቹ መጣ!