የማክሰኞው ፊርማ

የተከበራችሁ አባቶች፣ የሀብተወልድ ባለቤት እህቴ ጥሩወርቅ፣ ልጃችሁ ሐሊና፣ ከናይሮቢ ሰፈር ሁሉ፣ ከኪሊማኒም ከካሳራኒም ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ወገኖቼ፣ እዚያ ኋላ የቆማችሁ የፋብሪካ ባልደረቦቼ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ሁላችንንም ያጽናን።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዛሬ የለቀስተኛው ምሳ ይዘገያል። ሁርሊንግሃም፣ ሠርክ ምግብ ቤት፣ እሳቱ ጠፍቷል። ያስጠፋሁት እኔ ነኝ። ቅድም እዚሁ የመቃብሩ በር ላይ የምግብ ቤቱን ባለቤት ሠርክን «ደውይ፤ ምድጃውን ሁሉ አጥፉ፣ ሲሊንደሮቹን ወደ ግቢ አውጡ በያቸው» አልኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ፊቴን አየችና ደወለች። ለምን እንደሆነ እናገራለሁ። ግን የሀብተወልድን ነገር ሳልናገር እሱን መናገር አልችልም።

ሀብተወልድን በቤተ ክርስቲያን ታውቁታላችሁ። በዕድራችን ታውቁታላችሁ። እኔ ታመነ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ፋብሪካ አብሬው ሠርቻለሁ። እሱ የጥራት ተቆጣጣሪ፣ እኔ የፈረቃ ኃላፊ። የጋዝ ሲሊንደር እንበይዳለን፣ ያረጀውን እንጠግናለን፣ ጋዝ ሞልተን ለሱቆች እንልካለን። በየቤታችሁ ወጥ የምትሠሩበትን ማለቴ ነው።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሦስት ሲመጣ ሠራተኛው ስም አወጣለት። «ምዜ ንጎጃ» አሉት። ንጎጃ በስዋሂሊ ቆይ ማለት ነው። ሽማግሌው ቆይ! ለምን? ሲሊንደሩ ሁሉ አየር ተሞልቶ የውሃ ገንዳ ውስጥ መነከር አለበት። አረፋ ካወጣ ያፈሳል ማለት ነው። እኛ ነከር አድርገን ወዲያው እናወጣ ነበር። እሱ ዱካ አምጥቶ ገንዳው ዳር ተቀመጠ። ሰዓቱን እያየ፣ «ንጎጃ!» አንድ ደቂቃ። ሙሉ አንድ ደቂቃ! ስንት ጊዜ ተቆጣነው፣ ስንት ጊዜ አማነው። «ይሄ ሰው የእንጀራ ገመዳችንን ሊበጥስ ነው የመጣው» ብያለሁ እኔ ራሴ። ብያለሁ፣ ሀብቴ። ይቅር በለኝ።

አንድ ቀን «አልፏል» የተባለውን ሲሊንደር ደርድሮ ሁላችንንም ሰበሰበን። «ከእነዚህ አንዱን ዛሬ ቤቱ የሚወስድ ማነው? ሚስቱ የምታበስልበት?» አለ። ሃምሳ ሰው ቆመናል። አንድ እጅ አልወጣም። እኔ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ዞር ዞር ብሎ አየንና፣ «ታዲያ ለማን ሚስት ነው የሠራችሁት?» አለን። በቃ። ወደ ዱካው ተመለሰ።

ያ ፋብሪካ ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ፋብሪካ ሆነ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ቀይ ጨርቅ ሰጠ። የተጠራጠርከው ነገር ላይ ታንጠለጥላለህ፤ ሥራ ይቆማል፤ ማንም አይቆጣህም። መጀመሪያ ያንጠለጠለችው ማማ አቼንግ ናት። ያቻትና፣ ሰማያዊ ሻርፕ ያደረገችው በያጃችን። የት ላይ መሰላችሁ? በገዛ ብየዳዋ ላይ! ሀብቴ ከዱካው ተነሥቶ አጨበጨበላት። እኛም አጨበጨብን። ለአምስት ዓመት ከዚያ ግቢ የወጣ ሲሊንደር ማንንም አልጎዳም። ይህንን በዚህ አፈር ፊት እመሰክራለሁ።

ከዚያስ? አምና አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጡ። ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ በቀን ስንት ወጣ፣ በቀን ስንት ወጣ። ቀይ ጨርቅ የሰቀለ ሰው ቢሮ ይጠራ ጀመር። ስድብ የለም፣ ቁጣ የለም። «ለምን ሰቀልክ?» ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ለምን የተባለ ሰው አራተኛ አይሰቅልም። ጨርቆቹ ምስማራቸው ላይ አቧራ ጠጡ። የፍተሻው ቅጽ ደግሞ አስቀድሞ ይሞላ ጀመር። አንድ ቀን ሀብቴ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የከሰዓቱ ስምንት ሰዓት ፍተሻ ተሞልቶ አገኘ። «ስምንት ሰዓት ሆኗል እንዴ? እንግዲያው ምሳ በልተናል፤ ወደ ቤታችን እንሂድ» አለን። ሳቅን። ምን ያስቀን ነበር?

ዘንድሮ ናይሮቢ ውሃ በፈረቃ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ባለፈው ሰኞ የፋብሪካው ገንዳ ደረቀ። ሀብቴ ቀይ ጨርቁን ገንዳው ላይ አሠረ። «ውሃ እስኪመጣ አንድም ሲሊንደር አይወጣም። ንጎጃ» አለና ወደ ቤቱ፣ ወደ ካሳራኒ ሄደ።

ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ወደ ሥራ ሲመጣ፣ ቲካ መንገድ ላይ ማታቱ ታክሲ ውስጥ ልቡ ቆመ።

አሁን ስሙኝ። የማክሰኞው ቅጽ እንዲህ ይላል፦ ሁለት ሰዓት፣ ተፈትሿል፣ ሀብተወልድ። አራት ሰዓት፣ ተፈትሿል፣ ሀብተወልድ። ስድስት ሰዓት፣ ተፈትሿል፣ ሀብተወልድ። መቶ ስልሳ ሲሊንደር። የሞተ ሰው በደረቅ ገንዳ ፈተሻቸው!

ማን ፈረመ? እኔ ነኝ።

ጨርቁን የፈታሁት እኔ ነኝ። «የጭነት መኪናው ቆሞ እየጠበቀ ነው፤ የሱን ስም ጻፍበት፤ ሲመጣ ትነግረዋለህ» ተባልኩ ከቢሮ። የሁለቱንና የአራቱን የፈረምኩት በሕይወት ያለህ መስሎኝ ነው፣ ሀብቴ፤ መንገድ ዘግቶብህ የዘገየህ መስሎኝ። አምስት ሰዓት ላይ ጥሩወርቅ ደወለች። እህቴ፣ ያንን ጩኸትሽን ሰምቻለሁ። ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያም የስድስት ሰዓቱን ፈረምኩ። እጄ ለምዶት ነበር። ሌላ ምክንያት ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁም።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ድንኳን ተከልኩ፣ ወንበር አመላለስኩ፣ አለቀስኩ። ዛሬ በሩ ላይ ሾፌራችን ሳኒ፣ «ከማክሰኞዎቹ ሲሊንደሮች ሦስቱ ሠርክ ጋ ናቸው፤ ለለቅሶው የምትቀቅለው በነሱ ነው» አለኝ። ወዲያው ሠርክን ጠራኋት። ሀብቴን ቀብረን፣ በሀሰት ፊርማው በተለቀቀ ጋዝ የበሰለ ልንበላ ነበር።

ምናልባት ሁሉም ደህና ናቸው። አላውቅም። ማንም አያውቅም። እነዚያ ሦስቱ ግቢ ወጥተዋል። መቶ ሃምሳ ሰባቱስ? በማን ወጥ ቤት ናቸው? አሁን፣ እኛ እዚህ ቆመን ሳለ፣ ክብሪት የምትጭረው ማን ናት?

ሳኒ ያደረሰባቸውን ሱቆች ሁሉ ጽፎ ሰጥቶኛል። ከዚህ ስንወጣ መኪና ያላችሁ ተከተሉኝ። የሲሊንደሩ አንገት ላይ ቁጥር ተመትቷል፤ እያየን እንሰበስባለን። ምሳው ይቆይ።

ከፊት የቆሙትን፣ ጥቁር መነጽር ያደረጉትን ሰውዬ ታያላችሁ። ሥራ አስኪያጃችን ናቸው። ጥሩ የአበባ ጉንጉን አምጥተዋል። አማርኛ አይሰሙም። ስናገር አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ እያመሰገንኩ መስሏቸዋል። የሥራ ፈቃዴ የሚታደሰው በእሳቸው ደብዳቤ ነው። ልጆቼ እዚህ ነው የሚማሩት። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም።

ሐሊና ልጄ፣ አባትሽ ያንን ቅጽ አልፈረመም። ማንም ቢጠይቅሽ እንዲህ በይ፦ አባቴ አልፈረመም፤ ታመነ ነው።

ሀብቴ፣ ቀይ ጨርቅህ ይኸው። አብሬህ አልቀብረውም። ነገ ጠዋት የፋብሪካው በር ላይ አሥረዋለሁ፤ ካስገቡኝ ገንዳው ላይ። ዕድሜህን ሙሉ ቆዩ ስትለን ኖርክ፣ እኛ ቸኮልን። ዛሬ እኛ እንቆያለን። አንተ ሂድ፣ ወንድሜ። በሰላም ሂድ።

አሁን ይህንኑ ሁሉ፣ አንድ ቃል ሳላስቀር፣ በስዋሂሊ ልናገር ነው።