ለአንድ አልጋ የተገባ ስለት

ከመገናኛ ወደ ካራ በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ የተቀመጡ እናት፣ አጠገባቸው ያለችው ልጅ የለበሰችውን የበጎ አድራጎት ማኅበር ቲሸርት አይተው ጠየቋት።

«ጧሪ ያጣ ሰው የምታነሱት እናንተ ናችሁ?»

«አዎ እማማ። በትርፍ ጊዜያችን እናጥባቸዋለን፣ እናበላቸዋለን።»

«ጎረቤቴ ከወደቀች ከረመች። እኔም ጉልበቴ ከዳኝ፤ ማገላበጥ አቃተኝ። ውሰዱልኝ።»

«አልጋው ሞልቷል። ስሟን ልመዝግብና ሲለቀቅ እንደውላለን።»

«የሚወጣ ሰው አለ?»

«አይ… አንዱ ሲሞት ነው።»

«ውይ! አልጋ ከተገኘላት ጃንጥላ አገባለሁ ብዬ ለሚካኤል ተስያለሁ እኮ። የሰው ሞት ነው እንዴ የተሳልኩት?»

ልጅቷ ልትመዘግብ ያወጣችውን እስክሪብቶ ከወረቀቱ ላይ አነሳች።

«ይቅር ታዲያ እማማ? አልመዝግባት?»

ላምበረትን ካለፍን በኋላ ነው የመለሱላት።

«ጻፊያት።»

የጎረቤታቸውን ስም ሲነግሯት እንዳልሰማ፣ የመንገዱ ጫጫታ እንዲገባ መስኮቱን ከፈትኩት።