የበዓለ ሃምሳ ጾመኛ

ነርስ ነኝ። ሰው ማሳቅ እወድ ነበር፤ አርብ ገበያ ጤና ጣቢያ ስሠራ ግን አንዲት እናት የገዛ ሳቄን አስጠሉኝ። ፋሲካ ካለፈ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ገበያ መሃል ራሳቸውን ስተው ወድቀው፣ አብረዋቸው የወጡ ጎረቤቶቻቸው ደግፈው አመጧቸው። ልብሳቸው ንጹሕ ነው፤ ክንዳቸው ግን ስይዘው እንጨት ሆነብኝ። ስኳር በውሃ በጥብጬ ብሰጣቸው ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

«እማማ፣ ዛሬ ምን ቀመሱ?»

«ምንም። አርብ አይደል? ጾመኛ ነኝ።»

እኔ ሆዬ ሳቄ መጣ። «ኧረ እማማ! በዓለ ሃምሳ እኮ ነው! እስከ ጰራቅሊጦስ የአርብ ጾም የለም፤ ቄሱም ዛሬ ሥጋ ይበላሉ!» አልኩ፣ ክፍሉ ሁሉ እስኪሰማ። ጎረቤቶቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። በጣታቸው ጠቅሰው ጎንበስ አስደረጉኝና በጆሮዬ፣ «መች ጠፋኝ ልጄ» አሉኝ። «ሁዳዴን ከሰው ጋር ጾምኩት፤ ማንም አላወቀብኝም። ሰው ሁሉ ጾሙን ሲፈታ ግን እኔ የምፈታበት አጣሁ። ቤት ውስጥ እህል ካለቀ ቆየ። እባክሽ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።»

ቀና ስል አንዷ ጎረቤታቸው እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች።

«ተዪያቸው ሲስተር፣ እሳቸው ድሮም ጾም ይወዳሉ!» አለችኝ።

እማማም ዓይናቸውን ከብርጭቆው ሳያነሱ፣ «አዎ፣ እወዳለሁ» አሉ።