ጓዝ ማንሻ የማይጠይቀው ሰው

የደን ጥበቃ ኃላፊው ቶይቮ አሜሪካ ውስጥ ከሚኒሶታ ክፍለ ግዛት ወደ ኦሪገን በተዛወረ ጊዜ፣ እንደ ልማዱ የቤቱን ዕቃ ግቢው ውስጥ ዘርግቶ ይሸጥ ጀመር። ሚስቱ አይሊ ወንበሩንም አልጋውንም አብራው ተሸክማ አወጣች። አባቷ የሠሩላት፣ የጨርቅ ምንጣፍ የምትሠራበት የሽመና ዕቃ ሲወጣ ግን ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

በዚህ መሀል የመሥሪያ ቤቱ የሠራተኞች ጉዳይ ባልደረባ ማሪሶል በዚያ ስታልፍ አይታ ቆመች።

«አቶ ቶይቮ፣ ምን ጉድ ነው? ቤቱን ነቅለው ሊሸጡት ነው እንዴ?»

«ይሄን ሁሉ ግሳንግስ ኦሪገን ድረስ ማን ይሸከመዋል?»

«መንግሥት ነዋ! ጓዝ ማንሻ ይከፈልዎታል እኮ።»

«እኔ የሕዝብ ገንዘብ ለሶፋዬ አላስወጣም! ስንት ጊዜ ተዛውሬ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።»

ወይ ኩራት! በእርግጥ እንዲህ ያለ እጀ ንጹሕ ሰው ለየትኛውም አገር ጌጥ ነው። እንደ ቶይቮ ዘራቸው ከፊንላንድ የሆነ የሚኒሶታ ሰዎች እጅ ከመዘርጋት ሞት ይሻለናል የሚሉ ናቸው። ቶይቮ ግን የሚገባውንና ልመናን ለይቶ አያውቅም ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ኦሪገን የሚሄዱት ሊዝናኑ ነው?»

«ምን መዝናናት አለ! ደኑ በእሳት እያለቀ ሰው ጠፍቶ ነው።»

«ታዲያ የእሳት አደጋ መኪናው ሲላክ ነዳጁን ሾፌሩ ከኪሱ ይሞላል?»

ቶይቮ ሳቁ መጣበትና ዋጠው። «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ አይቻልም።»

«ወጣቱ ባልደረባችን ጄረሚ ዝውውሩን ለምን እንቢ እንዳለ ያውቃሉ?»

«ፈርቶ ነዋ።»

«ኧረ አልፈራም! ልጆቹን ይዞ ጓዙን ማንሳት አቅቶት ነው። ጠይቅ ስለው፣ ‹ቶይቮ ያልጠየቀውን እኔ ብጠይቅ ምን ይለኛል?› አለኝ። ያፈረው እርስዎን ነው።»

ይህን ጊዜ አይሊ ተነሣች።

«እኔም አንድ ነገር ልበልህ። የእናቴን ሰዓትም፣ የልጆቻችንን አልጋም በየመንገዱ ጥዬ ተከተልኩህ። ኩራቱ ያንተ፣ ከፋዩ እኔ! ይሄን ግን አልተውም።»

እንባዋ ሲወርድ ቶይቮ አንገቱን ደፋ። የሽመናውን ዕቃ ሊጭኑ ጎንበስ ወዳሉት ገዢዎች ሄደና፣ «ወንድሞቼ፣ ይቅርታ፤ አይሸጥም» አላቸው።

ሰኞ ጠዋት ከአይሊ ጋር ቢሮ ገባ። ወጣቶቹ ሠራተኞች ሁሉ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ፣ «ማሪሶል፣ ጓዝ ማንሻዬን ልጠይቅ መጥቻለሁ!» አለ። ጄረሚ ደንግጦ ቀና አለ።

«አንተም ጠይቅ ልጄ» አለው ቶይቮ። «ፈሪ ብዬህ ነበር፤ ይቅር በለኝ።»

ከዚያ ወዲህ በዚያ የደን ጥበቃ ጣቢያ የቤተሰቡን ችግር ፈርቶ ዝውውር የሚመልስ ጠፋ። ልምድ ያለው ሠራተኛ ሰው ወዳጣው ደን ሄደ፣ የሠራተኞቹ ልጆችም በገዛ አልጋቸው ተኙ፣ ሕዝቡም ገንዘቡ የት እንደዋለ አየ። አይሊም ኦሪገን በገባች ሰሞን የመጀመሪያውን ምንጣፍ ሠርታ ለጄረሚ ሚስት ላከችላት።